የቶዮታ ብዛት፦ ጉልበት ነው ወይስ ሸክም?

ይህ ክርክር የተጻፈው የ2026 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ሞንቴ ካርሎ ላይ ሊጀመር ሲል ነው። 14 ውድድሮች አሉት። ሁለት የቀድሞ ሻምፒዮኖች ግን አይኖሩም። ካሌ ሮቫንፔራ ከቶዮታ ወጥቶ ወደ ሰርኪዩት (ዝግ የመኪና ሜዳ) ውድድር ሄዷል። ኦት ታናክም ሃዩንዳይን ተሰናብቶ እረፍት ወስዷል። ቶዮታ በሮቫንፔራ ወንበር ኦሊቨር ሶልበርግን አስቀመጠ። ሃዩንዳይ ደግሞ የታናክን መኪና ለሦስት ሰው አካፈለ። የአሽከርካሪዎች ዋንጫ ከቶዮታ እጅ ሊወጣ ይችላል? ሁለቱ ጸሐፊዎቻችን አልተስማሙም፤ ተራ በተራ ተጻጽፈዋል።

የቶዮታው ጠበቃ

ከቁጥር ልጀምር። በ2025 ከ14 ውድድር 12ቱን ያሸነፈው ቶዮታ ነው። ሃዩንዳይ የቀመሰው ሁለት ብቻ ነው፤ ታናክ በግሪክ፣ ቲየሪ ኑቪል በመዝጊያው በሳውዲ አረቢያ። ካናሪ ደሴቶች ላይ ከ1ኛ እስከ 4ኛ የወጡት በሙሉ ቶዮታዎች ናቸው። ፊንላንድ ላይማ እስከ 5ኛ ድረስ ጠራርገው ወሰዱት።

ሮቫንፔራን ማጣት ቀላል ነው አልልም። ሁለቴ ሻምፒዮን የሆነ ልጅ ነው። ግን የቀሩትን እንቁጠር። ሴባስቲያን ኦዢዬ ባለፈው ዓመት ሦስት ውድድር ዘሎ፣ በ11 ብቻ ተሰልፎ፣ ስድስቱን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ዘጠነኛው ነው፤ ከሴባስቲያን ሎብ ጋር እኩል ሆነ። ኤልፊን ኢቫንስ በ4 ነጥብ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ሶልበርግ ለአንድ ውድድር ብቻ ተጠርቶ፣ በውድድር ነድቶት በማያውቀው መኪና ኢስቶኒያን አሸነፈ። በዚያው ዓመት የሁለተኛው ደረጃ ሻምፒዮንም ሆነ። ሌሎቹ የቶዮታ አሽከርካሪዎች ካትሱታና ፓያሪ ሲጨመሩ አምስት ይሆናሉ። "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይባላል። ቶዮታ አምስት ተክሏል።

የሃዩንዳዩ ጠበቃ

ወዳጄ፣ ባላው በዛ ማለት ጣሪያው አይወድቅም ማለት አይደለም። የ2024ን ነገር ረሳኸው መሰለኝ።

ያን ዓመት 13 ውድድር ነበር፤ ቶዮታ 8ቱን አሸነፈ። ሻምፒዮን የሆነው ግን ሁለት ብቻ ያሸነፈው ኑቪል ነው። እንዴት? ሮቫንፔራ አራት፣ ኦዢዬ ሦስት ወሰዱ፤ ሁለቱም ግን ሙሉውን ዓመት አልተወዳደሩም። ሙሉውን የተወዳደረው ኢቫንስ ያሸነፈው አንድ፣ እሱም የመጨረሻውን ነው። ድሉ ተበታተነ፤ ኑቪል ደግሞ በየውድድሩ ነጥቡን እየለቀመ ሄደ። ብዛት ለአምራቾች ዋንጫ (ለመኪና ድርጅቶቹ ለሚሰጠው) ጥሩ ነው። ለአሽከርካሪ ዋንጫ ግን የራስህ ወንድም ነው ነጥብህን የሚበላብህ።

ስለ ኢስቶኒያም ልመልስልህ። ራሊ ላይ መኪኖቹ የሚገቡት ተራ በተራ ነው፤ ጠጠር መንገድ ላይ ቀድሞ የሚገባ ሰው መጥረጊያ ነው። ልቅ ጠጠሩን በጎማው እየገፋ ለኋለኞቹ ንጹህ መስመር ይከፍታል፤ እሱ ግን ይንሸራተታል። አርብ ቀን፣ በውድድሩ የመጀመሪያ ሙሉ ቀን፣ የሚጠርገው ደግሞ ሰንጠረዡን የሚመራው ነው። ሶልበርግ ያኔ ከታች ስለነበረ ዘግይቶ ነው የገባው። ልጁ ፈጣን ነው፤ አልካድኩም። ዘንድሮ ግን ነጥብ ሲሰበስብ እሱም መጥረጊያውን ይይዛል። የዚያን ጊዜ እናየዋለን።

የቶዮታው ጠበቃ

መጥረጊያው ለኑቪልም አይቀርለትም። ወይስ እሱ ሰንጠረዡን ሳይመራ ነው ሻምፒዮን የሚሆነው?

የ2024ቱን ስሌት እቀበላለሁ። ግን አንተም የ2025ቱን ተቀበል። ያኔም ድሉ ተከፋፍሏል፤ ሮቫንፔራ ሦስት፣ ኢቫንስ ሁለት፣ ሶልበርግ አንድ። ሆኖም ዋንጫው ቶዮታ ቤት ቀረ። ልዩነቱ የት ነው? ኑቪል ላይ ነው። በ2024 መኪናው ታዘዘለት። በ2025 ሃይብሪዱ (አጋዡ የኤሌክትሪክ ሞተር) ከመኪኖቹ ወጣ፣ ጎማው ከፒሬሊ ወደ ሃንኩክ ተቀየረ፣ እሱም እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ድል አላየም። ወንድማማቾች ነጥብ ቢሻሙም፣ የሚጠቀመው ጎረቤት ፈጣን ካልሆነ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው መኪናችሁ ደግሞ ያሳዝነኛል። ኤሳፔካ ላፒ፣ ዳኒ ሶርዶና ሄይደን ፓዶን ይፈራረቁበታል። ሦስቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ግን ፓዶን በዋናው ደረጃ ያሸነፈው አንዴ ነው፤ እሱም በ2016 አርጀንቲና ላይ። ከ2018 ወዲህ እዚያ ደረጃ ላይ አልተሰለፈም። ይህ ቡድን ነው ወይስ የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ?

የሃዩንዳዩ ጠበቃ

ሳቅኩ። ግን የተፈራረቁበት ለብልሃት ነው። ሶርዶ ለአስፋልት፣ ላፒ ለበረዶና ለፈጣን ጠጠር። ላፒ በ2024 ስዊድንን ያሸነፈው በዚሁ በሃዩንዳይ ነው። ለአምራቾች ዋንጫ ደግሞ ከሦስት መኪና የሁለቱ ነጥብ ነው የሚቆጠረው። ኑቪልና ሌላው አሽከርካሪያችን አድሪያን ፎርሞ ከደረሱ ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው።

ለነገሩ የአምራቾቹን ዋንጫ ቶዮታ ይውሰደው። ከ2021 ጀምሮ በተከታታይ አምስቱን ወስዷል፤ እዚያ አልከራከርህም። የ2024ቱን ግን ሳነሳው አሁንም ያንገበግበኛል። ጃፓን፣ የመጨረሻው ቀን። ታናክ እየመራ ነው። በጠዋቱ ስቴጅ (በሰዓት የሚለካ የመንገድ ክፍል) መንገድ ስቶ ጫካ ውስጥ ገባ። ዋንጫው በ3 ነጥብ አመለጠን። የአንድ ጥምዝ ስህተት!

የኔ ክርክር የአሽከርካሪውን ዋንጫ ነው። ኦዢዬ ዘንድሮም ሙሉውን አይወዳደርም። 42 ዓመቱ ነው። አምና የሠራውን መድገም ይችላል ብለህ ትማልልኛለህ? እሱ ካልሆነ ማን ሊወስደው ነው? ኢቫንስ አምስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። በ2020 ሞንዛ ላይ ሰንጠረዡን እየመራ መጥቶ፣ በረዶ በነካው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ከመስመር ወጥቶ ዋንጫውን ለኦዢዬ አስረከበ።

የቶዮታው ጠበቃ

ሞንዛን ካነሳህ ሙሉውን ተናገር። ኢቫንስ ከመንገድ ከወጣ በኋላ መንገድ ዳር ሆኖ፣ ከኋላው ለሚመጣው ለኦዢዬ "ቀስ በል" እያለ ምልክት ሰጠው። ዋንጫውን ለሚነጥቀው ሰው! እኔ ያን ጊዜ ነው ልቤን የሰጠሁት። ይህን ሰው ለዋንጫ አይበቃም ስትለኝ ደሜ ይፈላል።

አዎ፣ አምስቴ ሁለተኛ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት ግን ስዊድንንና ኬንያን አሸንፎ፣ ከዚያ በኋላ ለወራት መጥረጊያ ሆኖ ነው በ4 ነጥብ ብቻ የተቀደመው። አንተው የነገርከኝ መጥረጊያ። ዘንድሮ ከሶልበርግ ጋር ከተፈራረቁበት ያ ሸክም ይቀልለታል። አየህ፣ ብዛቱ እዚህም ይጠቅማል።

የሃዩንዳዩ ጠበቃ

ይህቺን አላሰብኳትም። ጥሩ ነጥብ ናት፤ ትመዘገብልህ።

ስለ ሦስተኛው ቡድን፣ ስለ ኤም-ስፖርት ፎርድ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። አሽከርካሪዎቹ አርምስትሮንግና ማከርሊን ወጣት ናቸው፤ በርቱ እንበላቸው። የቡድኑ የመጨረሻ ድል በ2023 ቺሊ ላይ ነው፤ ያንንም ያመጣው ታናክ ነበር። በ2027 ደንቡ ሲቀየርና የመኪናው ዋጋ በ345,000 ዩሮ ሲወሰን ምናልባት ይነሳሉ። ዘንድሮ መድረክ ላይ አንዴ ከወጡ እኔ አጨበጭባለሁ።

የቶዮታው ጠበቃ

በዚህ ተስማማን። እንግዲህ ኬንያን ጠብቅ። ሦስተኛው ውድድር ነው። የኬንያው ውድድር፣ ሳፋሪ፣ በ2021 ወደ ሻምፒዮናው ከተመለሰ ጀምሮ ከቶዮታ ሌላ ያሸነፈ የለም። ናይቫሻ ዙሪያ ያለው ዱቄት የመሰለ አፈር ጎማና ሞተር ይበላል፤ ድንጋዩ ከሥር ተደብቆ ይጠብቅሃል። እዚያ መኪናህ ካልጠነከረ ፍጥነትህ ከንቱ ነው። ኑቪል አምና ሦስተኛ ነበር።

የሃዩንዳዩ ጠበቃ

እኔም እዚያው እጠብቅሃለሁ። ግን አሸናፊውን ሳይሆን ሰንጠረዡን ነው የማየው። ኬንያ አልቆ ሦስት ቶዮታዎች አናት ላይ ተፋጠው፣ ኑቪል ደግሞ ከሥራቸው በጥቂት ነጥብ ርቀት ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ እደውልልሃለሁ። ስልክህን አንሳ እንጂ።