የኔፓል ጭስ ያለው ማጀት ውስጥ ነው

የአየር ንብረት ለውጥ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ጥቀርሻ ይረሳል። ከእንጨት፣ ከድንጋይ ከሰልና ከናፍጣ የሚወጣው ይህ ጥቁር ብናኝ አየር ላይ የሚቆየው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በረዶ ላይ ሲያርፍ ግን ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ በረዶ ደግሞ የፀሐይ ሙቀት እየሳበ ቶሎ ይቀልጣል። የሂማሊያን ግግር በረዶ ለተሸከመችው ኔፓል ይህ የህልውና ጉዳይ ነው።

ኔፓል እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በካትማንዱ ሸለቆ የነበሩ የጡብ ማቃጠያዎችን አፈራረሰ። መልሰው ሲሠሩ ብዙ ባለቤቶች የተሻለውን አሠራር መረጡ። በዚህ አሠራር ጡቡ የሚደረደረው ትኩሱ አየር እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ተደርጎ ነው፤ ከሰሉ በደንብ ስለሚነድ ጭሱ ይቀንሳል። መቀመጫው በዚያው አካባቢ የሆነው የተራሮች ልማት ማዕከል ኢሲሞድ በሙያ አግዟቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩን ያፋጠነው የከሰል ወጪ መቀነሱ ነው።

መኪናውም እየተለወጠ ነው። ዛሬ ወደ አገሪቱ ከሚገቡት አዳዲስ የቤት መኪኖች አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው።

ማጀቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021ዱ የሕዝብ ቆጠራ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚያበስለው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዕቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ከሚሸጡት የግል መኪኖች ከመቶ 90ው ኤሌክትሪክ እንዲሆኑ ሲያልም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲያበስል የታሰበው ቤተሰብ ከመቶ 25 ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ያሳዝነኛል። አዲስ መኪና የሚገዛው ገንዘብ ያለው ከተሜ ነው፤ ጭሱን የምትምገው ልጇን አዝላ እሳት የምታቀጣጥል የገጠር እናት ናት። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስትከለክል አብዛኛው ሕዝቧ በማገዶ ያበስል ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ከጎረቤት ህንድ የጋንጀስ ወንዝ ሜዳ ነፋስ የሚያመጣውን ጭስ ኔፓል ብቻዋን አታስቆመውም። የራሷን ማጀት ግን መለወጥ ትችላለች። በክረምት ወንዞቿ ሲሞሉ የተረፋትን ኤሌክትሪክ ለህንድ ትሸጣለች፤ ብዙ ቤቶች ያላቸው ባለ 5 አምፒር ቆጣሪ ግን የኤሌክትሪክ ምድጃ አይችልም። ከሽያጩ ከሚገኘው ገንዘብ ቀድሞ መመደብ ያለበት ቆጣሪውንና መስመሩን ለመቀየር፣ ለደሃ ቤተሰብም ምድጃውን በድጎማ ለማድረስ ነው።