ውዳሴ ካርቶን

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲደክም ምንጣፍ፣ መኪና ሲደክም ካርቶን ይነጠፍለታል። ጠዋት ብትወጡ ዲኤክስ ቶዮታዎቻችን እያንዳንዳቸው በየካርቶናቸው ላይ ጋለል ብለው ታገኟቸዋላችሁ። የማካሮኒ ካርቶን፣ የሳሙና ካርቶን፣ ደህና ኑሮ ያለው ደግሞ የፍሪጅ።

የኔዋ ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል። ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረች ዕለት እኔ ሞኙ ከየት እንደሚያፈስ ልፈልግ ነበር። ጎረቤት ይባረክ! ኮፈኑን ሳልከፍት ሰባት ሰው ከበበኝ፣ ሰባቱም መካኒክ። አንዱ የባንክ ጥበቃ ነው፣ አንዱ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ አንዱ ለሰርግ ነበር የሚሄደው። በአንድ ድምፅ “አጥብቀው!” አሉኝ።

ይሄ “አጥብቀው” የሚባል ነገር እንዴት ያለ ጥበብ መሰላችሁ። በሞተሩ አናት፣ በቴስታታው ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ ጎማ፣ ጋርኒሲዮን፣ ሙቀት ለዓመታት ሲጠብሰው ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ወኔ የሌለው ሰው አዲስ ገዝቶ ይቀይራል። ጀግና ግን የቆርቆሮው ክዳን እስኪጎብጥ ብሎኑን ያጠብቃል። ቀድሞ በአንድ ጎን ብቻ ያፈስ የነበረው አሁን ለአራቱም ማዕዘን ይዳረሳል። ማን ቅር ይለዋል?

የቀረውን ሲልከን የሚሉት ማሸጊያ ሙጫ ይጨርሰዋል። ስስ መስመር የሚበቃውን ቦታ እኛ ለሙሽራ ፀጉር ቅቤ እንደሚቀባ እንለቀልቀዋለን። ወደ ውስጥ የገባው ትርፍ ደርቆ ይቆረስና ዘይት መምጠጫው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ዘይት ይጠማዋል። ዘይት የማይደርሰው ሞተር ደግሞ አያፈስም። መድኃኒቱ ሠራ ማለት አይደል?

ነገር ያበላሹት የኔታ ናቸው። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። በጥቁር ዘይት የራሰውን ኮፓ፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት፣ ዐዩ፤ ከዚያ ዱካውን በዓይናቸው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ተከተሉት።

“ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰሙ ነው” አሉኝ። “ወርቁ ከላይ ነው። መጀመሪያ እጠበውና እይ።”

ሰባቱም ሳቁ። ዘይት ከላይ ወርዶ ከታች ይንጠባጠባል ብሎ ነገር! ደግሞስ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ዝቃጭ በጨርቅ ተጠርጎ ሞተሩ እርቃኑን ሊቀር ነው? የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ሲደፈን ግፊቱ ዘይቱን በየስፌቱ እንደሚገፋው የሚያውቅ አንድ እውነተኛ መካኒክ ቢኖር ኖሮ እሱም ይሳቅበት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልክድም፤ ካርቶን አባይ በረሃ ድረስ አብሮ አይወርድም። ከደጀን ቁልቁል ወርደን ድልድዩን ተሻግረን የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስንያያዘው ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ በጋለው የጭስ ማውጫ፣ በማርሚታው ላይ እየተንጠባጠበ ተሳፋሪውን ሁሉ ያጥናል። ያኔ ከኋላ ያለውን ጀሪካን አውጥቶ መሙላት ነው። ለጋርኒሲዮን የሚሆን ብር ከየት ይመጣል? ብሩ ሁሉ በዘይት አለቀ እኮ።

ባለፈው እሁድ የባለሱቋ ልጅ በር አንኳኳ። “ጋሼ፣ እማዬ የቴሌቪዥን ካርቶን አስቀምጬልሃለሁ ብላለች። ሰፊ ነው።”

አመስግኜ ወስጄ ነጠፍኩት። የኔታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቆም ብለው አዩት። ምንም አላሉም፤ ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው በወዲያኛው በኩል ዞረው አለፉ።