የጭነት መኪናው የት ይቁም? የደሴና የኮምቦልቻ የመንገድ ውሳኔ አብሮ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ

ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች በቀን ወደ ከተማ እንዳይገቡ ይከልከል የሚለው ሐሳብ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ስለ መንገድ በተወራ ቁጥር ይነሳል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ የሰዓት ገደብ ከጣለች ወዲህ ደግሞ «እዚያ ከተቻለ እዚህ ለምን አይቻልም?» የሚለው ጥያቄ ጉልበት አግኝቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ገደቡን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ነገር ግን አንድ የከተማ አስተዳደር መኪናው የት መግባት እንደሌለበት ሲወስን የት እንደሚቆም አብሮ ካልወሰነ፣ ችግሩን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ከተማም ወደ ጎረቤቱ ከማዛወር አያልፍም።

ደሴን ለሚያውቅ ሰው የችግሩ ምንጭ ግልጽ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ባለ ጠባብ ስፍራ ላይ በቁመቷ የተዘረጋች ስለሆነች፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በደሴ፣ በሐይቅና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የከተማዋም ዋና መንገድ ነው። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ ባጃጁ፣ አምቡላንሱና 400 ኩንታል የጫነው ተሳቢ በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ሲገኙ በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ የወጣ መኪና ከተማ ሲደርስ ሞተሩ ግሎ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ደግሞ ገና ከከተማው ሳይወጣ ፍሬኑን ማስጨነቅ ይጀምራል። ዳገት ላይ ሰልፉ ቆም ባለ ቁጥር ረዳቱ ከጋቢና ዘሎ ይወርድና ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ይወሽቃል፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ታኮውን ነቅሎ እየሮጠ መኪናው ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ጎማ ጥቂት ክንድ ርቆ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው የተቀመጡ ተማሪዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህንን በቅርብ ያየ ሰው ገደብ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ አይከራከርም።

ጫናው አዲስ አይደለም። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የገቢ ዕቃ ዋና መተላለፊያ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ያም ሆኖ ሚሌ ላይ የሚገናኘው መስመር ኮምቦልቻን ከወደቡ ጋር ማገናኘቱን አላቆመም። በኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አሉ። ይህንን ጭነት ከአስፋልቱ ላይ ሊያነሳ ይችል የነበረው፣ ግንባታው በ2007 ዓ.ም የተጀመረውና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ነው። ሐዲዱ እስኪያገለግል ድረስ ግን መኪናው መምጣቱን አይተውም፤ የሚወጣው ደንብም ይህንን እንደማይለወጥ እውነት ወስዶ መነሳት አለበት።

ውሳኔው የማን ነው የሚለው ጥያቄም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በደሴ መሐል የሚያልፈው አስፋልት እንዲህ ያለ መንገድ ነው። በላዩ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ የክልሉ ነው፤ ከጎኑ ያለው የእግረኛ መንገድና የውሃ መውረጃ ቦይ ደግሞ የከተማው። እንግዲህ ከተማው ብቻውን ማስታወቂያ ለጥፎ «ከነገ ጀምሮ መግባት የለም» ቢል፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከመቀሌ የተነሳው ሾፌር ክልከላውን የሚሰማው ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሮ ሲጠብቀው ነው። የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮና የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ያልተስማሙበት ገደብ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሳምንት በኬላ ክርክር ይጀምርና በሦስተኛው ሳምንት በዝምታ ይረሳል።

ከሁሉ በላይ መለየት ያለበት አላፊውና አራጋፊው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና ከዚያም በላይ የሚሄደው ተሳቢ ደሴ ውስጥ ምንም ጉዳይ የለውም፤ ሌላ መንገድ ስላላገኘ ብቻ ያልፋል። ሲሚንቶ፣ ዘይት፣ ስኳርና ቢራ ይዞ የመጣው ኢሱዙ ግን ጉዳዩ እዚያው መሐል ከተማ፣ ሱቁ በር ላይ ነው። ለመጀመሪያው መፍትሔው ከተማውን ሳይነካ የሚያሳልፍ ተለዋጭ መንገድ ሲሆን፣ በደሴ መልክዐ ምድር ይህ ውድና ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ለሁለተኛው መፍትሔው ርካሽ ነው፤ የማራገፊያ ቦታና ሰዓት መመደብ ብቻ ይጠይቃል። አንድ ኢሱዙ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የመንገዱን ግማሽ ሲይዝ፣ ጫኝና አውራጆቹ ኩንታሉን በትከሻቸው ተሸክመው በባጃጆች መካከል ሲሽሎኮሎኩ፣ ከኋላ የሚፈጠረው መዘጋት ብዙ ጊዜ በሚያልፈው ተሳቢ ላይ ይላከካል። በእኔ ግምት የመሐል ከተማው መጨናነቅ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ሥርዓት ካጣ ማራገፍ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል «የጭነት መኪና» ብሎ በአንድ ሰዓት የሚከለክል ደንብ አላፊውን ያለ ጥፋቱ ይቀጣል፤ አራጋፊውን ደግሞ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይገፋዋል።

የውስጥ ለውስጡ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በደሴና በኮምቦልቻ ሰፈሮች የተነጠፈው ኮብልስቶን ብዙው በነዋሪው መዋጮ ጭምር የመጣ፣ ወጣቶች ድንጋይ ጠርበው የሠሩት መንገድ ነው። የተሠራው ለእግረኛ፣ ለባጃጅና ለቤት መኪና ነው። ዋናው መንገድ ሲዘጋበት አሸዋና ድንጋይ የጫነ ገልባጭ በዚያ በኩል ሲያቋርጥ በመጀመሪያ ጎማው በሚያርፍባቸው ሁለት መስመሮች ላይ ድንጋዩ ይሰምጣል፤ ቀጥሎ ጠርዙን የያዘው ድንጋይ ይፈናቀላል፤ ጠርዙ ከተነሳ በኋላ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይወስደዋል። በወሎ ከፍተኛ ቦታዎች የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ ሰኔ ላይ የላላ ጠርዝ መስከረም ላይ ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዋናው መንገድ ላይ የሚጣል ማንኛውም ገደብ ከሰፈር መንገዶች ቋሚ ክልከላ ጋር አብሮ ካልታወጀ ሕዝቡ ገንዘቡን ያዋጣበትን መንገድ ያስፈርስበታል። በየሰፈሩ መግቢያ ከባድ መኪና የማያሳልፍ የብረት ወይም የድንጋይ ምሰሶ መትከል ብዙ ወጪ የለውም፤ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ እንዲኖረው ብቻ መታሰብ አለበት።

የሰዓቱም ምርጫ ከአዲስ አበባ ተገልብጦ ሊመጣ አይችልም። በዋና ከተማዋ ጭነቱ ወደ ሌሊት ተገፍቷል። በወሎ መንገዶች ላይ ግን ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ማታ መንዳት ሾፌሩ ሕይወቱን ይዞ የሚወራረድበት ጉዳይ ሆኗል። መኪናው ከመሸ በኋላ ብቻ እንዲገባ ማዘዝ ማለት ሾፌሩን በጨለማ በኮምቦልቻ ዳገት ላይ ወይም በሐይቅ መንገድ ላይ እንዲጓዝ ማስገደድ ነው። ነጋዴውም መጋዘኑን ሌሊት ከፍቶ ጥበቃ መቅጠር፣ ጫኝና አውራጁም ታክሲ በሌለበት ሰዓት ወደ ቤቱ በእግሩ መመለስ ይኖርባቸዋል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ዞሮ ዞሮ በዘይቱና በዱቄቱ ዋጋ ላይ ይጨመራል። ለእኛ የሚሻለው ቀኑን ሙሉ መዝጋት ሳይሆን ሰው የሚበዛባቸውን ሰዓቶች መርጦ መዝጋት ነው። ጠዋት ተማሪና ሠራተኛ የሚወጣበት ከ1፡00 እስከ 3፡00 ሰዓት፣ ማታ የሚመለሱበት ከ10፡30 እስከ 12፡30፣ ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሰዓት፣ በዓላትና የገበያ ቀናት ለብቻ ሊቆጠሩ ይገባል። በባቲ የሰኞውን ገበያ የሚያውቅ ሰው በዚያን ቀን ተሳቢ በከተማዋ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አይጠፋውም፤ ባቲ ልትጽፈው የሚገባት ደንብ ደሴ ከምትጽፈው የተለየ መሆን አለበት።

ስለ ክብደቱም ዝም ማለት አይቻልም፤ ሰዓት ብቻ መቆጣጠር መንገዱን አያድነውም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ትልቅ የመንገድ ሙከራ ያሳየው፣ በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በጭማሪው ልክ ብቻ እንደማያድግ ነው። ጉዳቱ የክብደቱን አራተኛ ርቢ ያህል፣ ማለትም ክብደቱ ያደገበት እጥፍ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ይበዛል። በቀላሉ ሲሰላ፣ በአክስሉ ላይ ከተፈቀደለት 20 በመቶ አስበልጦ የጫነ መኪና ሕጉን ጠብቆ ከጫነው እጥፍ ጉዳት ያደርሳል፤ 50 በመቶ አስበልጦ የጫነው ደግሞ አምስት እጥፍ። ኬላ ላይ ሰዓቱን ጠብቆ በሰላም የገባ ነገር ግን ከልክ በላይ የጫነ አንድ መኪና፣ ሰዓት አሳልፎ ከገቡ ብዙ መኪናዎች የባሰ መንገዱን ይጎዳል ማለት ነው። የሚዛን ቁጥጥሩ በፌዴራል መንገድ ላይ የፌዴራል ሥራ ቢሆንም፣ ከተሞቹ ከየድንጋይ ካባውና ከየአሸዋ ማውጫው የሚነሳውን ገልባጭ ጭነት የመቆጣጠር ዕድል በእጃቸው ነው።

ሾፌሩን እንደ ወራሪ የሚያይ አነጋገርም ይቅር። በ1989 ዓ.ም የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው ነዳጅ ላይ ከሚከፈለው ታሪፍ ነው፤ ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ከባድ መኪና ብዙ ይከፍላል። ያ ሾፌር ከጅቡቲ በረሃ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ «እስከ ማታ አትገባም» ቢባል መንገድ ዳር፣ ምናልባትም ጠመዝማዛው ላይ፣ ሸራው እንዳይቀደድበትና ነዳጁ እንዳይቀዳበት መኪናው ሥር እየተኛ ይጠብቃል። መጸዳጃ የለም፣ ውሃ የለም፣ ጥበቃ የለም። መንገድ ዳር የተደረደሩ ተሳቢዎች ደግሞ በጨለማ ለሚመጣ አነስተኛ መኪና ራሳቸው አደጋ ናቸው።

ደሴ በሯን ስትዘጋ የሚጨናነቀው ኮምቦልቻ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ ከተሞች ለየብቻቸው መወሰን የለባቸውም የምለው። ከኮምቦልቻ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ሐይቅ አካባቢ ሌላ፣ አጥር ያላቸውና መብራት፣ ውሃና መጸዳጃ የተሟላላቸው የመኪና ማቆያዎች ያስፈልጋሉ። የተዘጋበትንና የተከፈተበትን ሰዓት የሚናገረው ምልክትም መተከል ያለበት እዚያ ነው፤ ከተማ አፋፍ ላይ የተተከለ ምልክት ረጅም ተሳቢ መዞር በማይችልበት ቦታ «ተመለስ» እንደ ማለት ነው። ማቆያዎቹ መጠነኛ ክፍያ ቢያስከፍሉ የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው ሊያስተዳድሯቸው ይችላሉ፤ ሾፌሩም ለደኅንነቱ የሚከፍለውን አይጠላም።

ከገደቡ ነፃ የሚሆኑት ተሽከርካሪዎች ዝርዝር በደንቡ ውስጥ ተጽፎ በይፋ መለጠፍ ይኖርበታል። የነዳጅ ቦቴ፣ የመድኃኒትና የኦክስጅን ጭነት፣ የእርዳታ እህል፣ የሚበላሽ አትክልትና ፍራፍሬ ከዚህ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ ካልተጻፈ ልዩ ፈቃድ በየቢሮው በቁራጭ ወረቀት መሰጠት ይጀምራል፤ ያኔ የሚገባው ሰው ያለው፣ የሚቆመው ሰው የሌለው ይሆናል፤ በየኬላው የሚያልቀው ገንዘብም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ካዝና አይደርስም።

ይህ ሁሉ ከመወሰኑ በፊት አንድ ቀላል ሥራ ሊሠራ ይችላል። በደሴ ደቡብና ሰሜን መግቢያ ላይ ለአንድ ሳምንት የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ሰሌዳና ሰዓት መመዝገብ ነው። በአንዱ በር ገብቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሌላው የወጣው አላፊ ነው፤ የቆየው አራጋፊ። ከአዲስ አበባ አማካሪ መጥራት አያስፈልግም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎችም አሉት። የተገኘው ቁጥር ለሁለቱ ከተሞች ምክር ቤቶች ቀርቦ ነጋዴው፣ የባጃጅ ማኅበራት፣ የጫኝና አውራጅ ማኅበራትና የከባድ መኪና ባለንብረቶች ባሉበት በግልጽ ይታይ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ የማቆያዎቹና የምልክቶቹ ወጪ በዕቅድ እንዲያዝ ቆጠራው ቢዘገይ ከመጋቢት ማለፍ የለበትም፤ የኬላው ገመድም ማቆያዎቹ ተሠርተው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መወጠር የለበትም።