ሰውዬው ዱቤ ወስደው አያውቁም

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የደብተር ርክክብ ነበር። የተገኘሁት ተጋብዤ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ከተቀባዮቹ አንዷ ስለሆነች ላደርሳት ሄጄ እዚያው ቀረሁ። ለጋሾቹ ጥቂት ሆቴሎችና አስመጪ ድርጅቶች ናቸው። ልጆቹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ እንግዶቹ አምስት ሰዓት ላይ ደርሰው ድንኳን ሥር ተቀመጡ። የተሰቀለው ባነር ከመማሪያ ክፍሉ ይረዝማል። ለጋሾቹን ወክለው የተናገሩት ሰው ማይክሮፎኑን ጨብጠው «እኛ ከማኅበረሰቡ ያገኘነውን ለማኅበረሰቡ እየመለስን ነው፤ በየሰፈሩ ያለው ቸርቻሪ ግን ይወስዳል እንጂ አይመልስም» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ቀጥሎ የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። የእህቴ ልጅ ስድስት ደብተር ይዛ፣ ከንፈሯ በውሃ ጥም ደርቆ ወደ እኔ መጣች።

ደብተሩን አልናቅሁትም። በዚህ ኑሮ ስድስት ደብተር ስድስት ደብተር ነው። አላስተኛ ያለኝ «አይመልስም» የሚለው ቃል ነው።

ማስረጃቸው ምን ይሆን ብዬ አሰብሁ። ያለው አንድ ብቻ ነው፦ ቸርቻሪው ሲሰጥ አልታየም። መድረክ ላይ አልወጣም፣ ባነር አላሳተመም፣ የካሜራ ባለሙያ አልጠራም። ያልታየ ሁሉ የለም ከተባለ በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ዓሣም የለም ማለት ነው፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ መረቡ እስኪወጣ ድረስ ቆሮሶውን ማን አይቶት ያውቃል? እኚህ ሰው «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል ሳይሰሙ አድገዋል ብዬ አላምንም። ምናልባት ለግራ እጅ ብቻ የተነገረ መስሏቸው ይሆናል፤ ካሜራው የቆመው በቀኝ በኩል ነበር።

እንግዲህ የሰፈሬን ሱቅ ላሳያቸው። አቶቴ ውስጥ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም የሚሞላ፣ ፊት ለፊቱ የሽቦ መረብ ያለው፣ ከመረቡ በላይ «ዛሬ በእጅ፣ ነገ በዱቤ» ተብሎ በቀይ የተጻፈበት። ይህን ጽሑፍ አምኖ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ባለቤቱ ራሳቸውም አያምኑበትም። ከባንኮኒው ሥር ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ፤ ጠርዙ በዘይት ጠቁሯል፣ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሮበታል። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። የሰው ስም ግን ጥቂት ነው። «ረጅሟ»፣ «የጓሮ ቤት ሁለቱ ልጆች»፣ «መነጽር»፣ «የባጃጁ»፣ «አዲሷ»። በየስሙ ሥር ደግሞ፦ ዘይት ግማሽ፣ ሳሙና 1፣ ዳቦ 4፣ ሽሮ ሩብ፣ ፓራሲታሞል 1። የከፈለ ይሰረዝለታል። ያልከፈለ ገጹ ይቆየዋል።

«የጓሮ ቤት ሁለቱ ልጆች» የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የሰማነውን ንግግር ሁላችንም እናስታውሳለን። ግንቦት 2011 ላይ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ይህንኑ ፓርክ አጥንቶ ባወጣው ሪፖርት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና በዓለም ላይ ልብስ ከሚያመርቱት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ስለ ደመወዝ ቦርድ ቢያነሳም የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ራሱን አላስቀመጠም። እንግዲህ ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ በዚህ ደመወዝ ኪራይ ከፍላ፣ ለእናቷ ልካ፣ ወሩ ሃያ ሲሞላ ምን ትበላለች? ባንክ ማስያዣ ይላታል። ቁጠባ ተቋሙ ቡድን አምጪ፣ ዋስ አምጪ ይላታል። ባለሱቁ ግን «ጋሼ፣ እስከ ደመወዝ» ስትላቸው ሽንኩርቷን መዝነው እስኪጨርሱ ድረስ ብድሯ ጸድቋል። ቅጽ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ወለድ የለ።

የፋብሪካው ዝቅተኛ ደመወዝ የሚዘልቀው በማን ትከሻ ነው? በዚህ ደብተር ነው! ሱቁ ወሩን ባያሻግራት ልጅቷ በሁለተኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ትሄድ ነበር፤ ፋብሪካውም ያሠለጠናትን ያጣ ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ቸርቻሪ ለድሃ ብቻ አይደለም የሚመልሰው፤ ለትልልቆቹም ነው፣ ያውም ሳይጠየቅ። የሆቴሉ አስተናጋጅስ ገበያ በቀዘቀዘ ወር ጉርሻው ሲጠፋ ቤቱን በምን ያስተዳድራል? እኚያ ተናጋሪ የራሳቸው ሠራተኞች ስንት ገጽ እንደሞሉ ቢያውቁ ማይክሮፎኑን ቀስ አድርገው ባስቀመጡት ነበር።

2014ን እናስታውስ። ኅዳር ላይ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፓርኩ ውስጥ የነበረውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታህሳስ 23 ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ወጣች። ያኔ መግለጫው ብዙ ነበር፣ ስብሰባው ብዙ ነበር። በሰፈራችን ግን ሱቁ ነበር። ያለ ሥራ የቀሩት ልጆች በመጀመሪያው ወር አፍረው በሌላ መንገድ ይዞሩ ጀመር። ባለሱቁ አንዷን ራሳቸው ጠርተው «ሥራ ነው እንጂ የጠፋው ሆድ አልጠፋም፤ ነይ ውሰጂ» ሲሏት እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ከእነዚያ አንዳንዶቹ ወደ ገጠራቸው ተመልሰዋል። ገጻቸው ሳይሰረዝ አለ፤ ባለሱቁም አልቀደዱትም። ይህን ማኅበራዊ ኃላፊነት ካላልነው ቃሉን ለምን ሌላ አገልግሎት እንዳስቀመጥነው ይነገረኝ።

«ዱቤ ንግድ ነው፣ ደንበኛ መያዣ ነው፣ ዋጋም ይጨመርበታል» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ ሁለት ብር ይጨመርበታል፣ እሺ። የሆቴሉ ደብተር ልገሳስ ማስታወቂያ አይደለም? ያ ባነር ላይ የሆቴሉ ስልክ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ ስም በላይ ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሆቴሉ የሚሰጠው ከተረፈው ነው፤ ባለሱቁ የሚሰጡት ነገ አከፋፋዩ ጋ ሄደው ዕቃ ከሚያወጡበት መዞሪያ ገንዘብ ነው።

ሕጉም ቢሆን ለባለ ባነሩ ያደላል። በ2008 የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ሕጉ ለሚያውቃቸው ልገሳዎች ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ እንዲቀነስ ፈቅዷል። ይቀነስ፣ ጥሩ ነው። ባለሱቁስ? ሐምሌ 2009 ለግብር የተሠራው የነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች የነበረውን ጩኸት የረሳ የለም። ገማቹ መጥቶ መደርደሪያውን ቆጥሮ፣ የሚገባ የሚወጣውን ሰው አይቶ ይሄዳል፤ ከሚገቡት ስንቶቹ ባዶ እጃቸውን እንደሚገቡ ግን አይጠይቅም። የጓሮ ቤቷ ልጅ ሳትከፍል የሄደችበት ዘይት ለእርሱ ሽያጭ ነው። ባለሱቁ ለሰጡት ግብር ይከፍላሉ፣ ከዚያ ደግሞ «አይመልስም» ይባላሉ!

ትልልቆቹ ምንም አይሠሩም አላልሁም። ሰው ይቀጥራሉ፣ ዓሣ ከአጥማጁ ይገዛሉ፣ ከተማዋን እንግዳ የሚመጣባት አድርገዋታል። ግን ይህም ቢሆን ንግዳቸው ነው። ሐይቁን እንውሰድ፤ ወደ እርሱ የሚገባ እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ የጣልንበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። በዓመት አንድ ቅዳሜ ቲሸርት ለብሶ ዳርቻው ላይ የላስቲክ ጠርሙስ መልቀም ተለምዷል። የሚለቀሙት ጠርሙሶች ከየትኛው ጠረጴዛ ተነሥተው እንደመጡ ግን በዚያ ቅዳሜ የሚጠይቅ አይገኝም። የራስን ቆሻሻ መልሶ መውሰድም ልግስና ተብሎ የምስክር ወረቀት ያሰጣል። (የሱቁ ባለቤት በየማለዳው በራቸውን ይጠርጋሉ፤ የጎረቤቱንም ጨምረው። ማንም አላጨበጨበላቸውም።)

የከተማው አስተዳደርም ቢሆን ቀጣዩን የምስጋና መድረክ ከማዘጋጀቱ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ለጋሹ ሠራተኞቹን በወሩ መጨረሻ በቀኑ ይከፍላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ከሰፈሩ ሱቅ ወይም ከአትክልት ነጋዴዋ ወስዶ ያልከፈለው ሂሳብ አለ ወይ የሚለው ነው። አዎ፣ ትልልቆቹም በዱቤ ይወስዳሉ። የሚያውቋት አንዲት ቲማቲም አቅራቢ ከአንድ ሆቴል ገንዘቧን ለማግኘት አራት ወር እንደተመላለሰች ባለሱቁ ነግረውኛል። ያቺ ሴት እዚያ ሆቴል ውስጥ እራት በልታ አታውቅም፤ ግን ለአራት ወር አበድራዋለች።

ይህን ለመጻፍ ስነሣ የደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ ላንሣና ከጽሑፉ ጋር ይውጣ ብዬ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ስሞቹ የቅጽል ናቸው፣ ማንም አይታወቅም፣ እርስዎም ይመሰገኑበታል አልኋቸው። ስልኬን አዩት፣ ደብተሩን አዩት።

«የሰው ገበና ነው እኮ ልጄ» አሉና ወደ ባንኮኒው ሥር መለሱት። ከዚያ ቆም ብለው እንደገና አወጡት፣ ገለጡት፣ በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆሙ «ይልቅ ያንተ የስኳርና የዘይት ከሰኔ ጀምሮ እዚህ አለ» አሉኝ።

ግማሹን ከፈልሁ።