ለሙሽራው ብቻ የታዘዘ ምርመራ

የምኖረው ሎሜ፣ ቶጎ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለበት አስካይ አየር መንገድ ዋና ጣቢያው እዚህ ስለሆነ ሐበሻ አናጣም። ሰሞኑን አዲስ አበባ ሽማግሌ ልኬ የመጣልኝ መልስ ግን አንገብግቦኛል። «ልጁ ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚኖረው። የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጎ ይምጣ» ተባለ። ይሁን፣ ደግ ነው። ከጋብቻ በፊት መመርመር ተገቢ ነው። ሽማግሌዎቹ «ልጅቷስ?» ሲሉ ግን «እሷ እኮ የቤት ልጅ ናት!» አሏቸው።

ለመሆኑ እዚህ ያለው ሰው ምን ሆነና ነው?

ከሎሜ በመኪና ጥቂት ሰዓት ሄደው የቤኒኗን ኮቶኑ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ተመራማሪዎች ኮቶኑን ከካሜሩኗ ያውንዴ፣ ከኬንያዋ ኪሱሙና ከዛምቢያዋ ንዶላ ጋር አነጻጽረው ነበር። ኮቶኑ ውስጥ ከመቶ ሰው ቫይረሱ የተገኘባቸው ከሦስት ትንሽ በላይ ነበሩ። በኪሱሙ ከወንዶች 20፣ ከሴቶች 30 በመቶ ግድም። እ.ኤ.አ. በ2016 አገራችን በተደረገው ጥናት አዲስ አበባ 3.4 በመቶ ነበረች። ዘመኑ ይለያያል፣ ግን «እዚያ ማዶ» እያሉ ጣት የሚቀስሩ ዘመዶቼ ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የገረመኝ ምክንያቱ ነው። የኪሱሙ ሰው ከኮቶኑ ሰው ይልቅ ባለጌ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ብዙ የፍቅር ጓደኛ እንዳላቸው የተናገሩት የያውንዴ ሰዎች ነበሩ፤ በቫይረሱ ስርጭት ግን ያውንዴ ከኪሱሙ በብዙ ታንስ ነበር። ልዩነቱን በዋናነት የሚያስረዱት ሁለት ነገሮች ሆነው ተገኙ፦ የወንዶች ግርዛትና የብልት ሄርፒስ። በኮቶኑና በያውንዴ ያልተገረዘ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ ልክ እንደ እኛ። ሄርፒስ ደግሞ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን ቁስል ይፈጥራል፣ ኤች አይ ቪም በዚያ በቀላሉ ይገባል።

ግርዛት ታዲያ ወንዱን የመያዝ ዕድሉን ይቀንስለታል እንጂ ፈጽሞ አያድነውም። ኮንዶሙን አይተካም።

ኮቶኑም የራሷ ጣጣ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1993 ከተመረመሩት ሴተኛ አዳሪዎች ከግማሽ በላይ ቫይረሱ ነበረባቸው። ማንም አላባረራቸውም። ክሊኒክ ተከፈተላቸው፣ የአባላዘር በሽታቸው ታከመ፣ ኮንዶም ቀረበላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቁጥሩ ወደ 41 በመቶ ወረደ። ይህ ሥራ እኔን ያስቀናኛል። አገር ቤት አሁንም ስንቱ ሰው ነው ጎረቤት ያየኛል ብሎ ከጤና ጣቢያው በር የሚመለሰው?

«የቤት ልጅ» ላሉኝ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው የአራቱ ከተሞች ጥናት ኪሱሙ ውስጥ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 23 በመቶዎቹ ተይዘው ነበር። የእነሱ እኩያ ወንዶች 4 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ልጆቹ ገና ሕይወት መጀመራቸው ነው፤ በዕድሜ የሚበልጣቸው አንድ ሰው ይበቃል። የልጅቱ ጨዋነት ከዚህ ምን ያስጥላታል? ጨዋነት ቫይረስ አያስቆምም። ባሏ መሆን የምፈልገው እኔም ብሆን ጨዋ ነኝ ብዬ ብቻ መታመን የለብኝም።

ስለዚህ ለቤተሰቦቿ መልስ ልኬአለሁ። አብረን እንመርመር፣ ውጤቱንም አንድ ክፍል ቁጭ ብለን እንስማ። አንዳችን ቢገኝብን እንኳ መድኃኒቱን በደንብ የወሰደና ቫይረሱ በደሙ የማይታይ ሰው ለትዳር አጋሩ አያስተላልፍም። እናቷ ተቆጥተዋል አሉ። ይቆጡ።