ኤስኤምኤ በአንድ መርፌ ድራሹ ይጠፋል የሚባለው

ወንድሜ፣ ዞልጌንስማ የሚባለው መድኃኒት አንዴ ከተሰጠ ኤስኤምኤ (ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች የሚሞቱበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ሙሉ በሙሉ ይድናል፣ ሌላ መድኃኒትም የለም ያልከው ልክ አይደለም። መድኃኒቱ የሚሰራ ጂን ያስገባል እንጂ ጡንቻን የሚያዘውንና ቀድሞ የሞተውን ነርቭ አያስነሳም፣ ለዛ ነው ምልክት ሳይታይበት ያገኘ ህጻን ብዙ ጊዜ ቆሞ ሲሄድ ዘግይቶ ያገኘው ግን ፊዚዮቴራፒ አንዳንዴም የመተንፈሻ ማሽን የሚያስፈልገው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ስትፈቅደው ከ2 ዓመት በታች ላሉ ብቻ ነበር (ዋጋው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ጉድ እኮ ነው!)። ብቸኛውም አይደለም። ስፒንራዛ ከ2016 ጀምሮ አለ፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ከዛ በየ4 ወሩ ወገብ ላይ በመርፌ ይሰጣል፣ በ2020 የተፈቀደው ሪስዲፕላም ደሞ በየቀኑ በአፍ የሚወሰድ ነው፣ ሁለቱም ለአዋቂም ይሆናሉ፣ እና አንድ ልጅ 2 ዓመት ስላለፈው አበቃለት ማለት ስህተት ነው።