ጎመን በመድኃኒት

«ጎመን በጤና» ብሎ የተረተው ሰው ቀፊራ ገበያን አያውቅም። የእኛ የድሬዎች ጎመን ስለ ጤና ተጠይቆ አያውቅም። የእኛ ጎመን ቆንጆ ነው፣ አለቀ።

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ለአስቤዛ ወጣን። እሷ መራጭ፣ እኔ ተሸካሚ። አንድ ጥቅል ጎመን አነሳች፣ አገላበጠች፣ ቅጠሉን ገለጥ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ምንድነው?» ቀዳዳ ነው። ስሙኒ የምታክል አንዲት ቀዳዳ። ሻጯ ደንግጣ «ውይ እናቴ፣ እሱን እኮ ለፍየል የለየሁት ነው» ብላ ከመደቡ ሥር ወረወረችው። በምትኩ የሚያብለጨልጭ አወጣች። ዝንብ እንኳ አላረፈበትም። ዝንቡ አንድ የሚያውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ግን ዝንብን ማን ይጠይቃል?

ይህን ቁንጅና ለገበያችን ያበቁትን ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ከቋንቋችን ልጀምር። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ተስሎበት የመጣውን ዕቃ እኛ በፍቅር «መድኃኒት» ብለን ተቀበልነው። ጎመኑ ታሟል? አልታመመም። ትሉስ? እሱም ደህና ነው። መድኃኒት ግን ይታዘዛል። የምርመራው ክፍል መንገድ ዳር ያለች ሱቅ ናት። ገበሬው «ትል ገባብኝ» ይላል። ምን ዓይነት ትል ብሎ ነገር የሚያበዛ የለም። «ኃይለኛው ይሁንልህ ወይስ መካከለኛው?» ብቻ ነው ጥያቄው። ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው መካከለኛ ይገዛል እንዴ? ኃይለኛው ከትልቁ ጀሪካን ወደ ሃይላንድ ፕላስቲክ ይገለበጣል። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ የሚናገር ጽሑፍ የለው። በማንበብ የሚባክነው ጊዜ ተረፈ ማለት ነው። ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ የሚል አዋጅ አለን፤ ቁጥር 674/2002። ደግ አዋጅ ነው። ሱቋ ጠባብ ስለሆነች ነው መሰለኝ አልገባም።

አለካኩም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መለኪያው የፕላስቲኩ ክዳን ነው። ጎረቤትህ በአንድ መርጫ ሁለት ክዳን ከጨመረ አንተ ሦስት። ሽታው አፍንጫ ካልሰነፈጠ ደግሞ አንድ ለምርቃት። ነፋሱ ወደ ፊት ቢመልሰውስ? ጭምብልና ጓንት ለፈሪ ነው፤ ጀግና የሽርጡን ጫፍ አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ ይረጫል። ራሱን ቢያመው ፀሐይ ነው። ቢያስመልሰው ምሳው ነው። ፕላስቲኩ ሲያልቅ ታጥቦ ለወተት ይሆናል። እኛ ዕቃ የምናባክን ሰዎች አይደለንም።

ከተረጨ በኋላ ሳይቆረጥ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ትክክለኛው ዕቃ ላይ ተጽፏል። እንደ ዓይነቱ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ገበያ ቀን የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም። የእኛ ሰው ማታ ረጭቶ ጠዋት ይቆርጣል። ትኩስ በትኩስ!

ለትሏም ያደረግንላት ቀላል አይደለም። ጥቅል ጎመን ላይ የምትኖረዋ የእሳት እራት ትል በ1953 እ.ኤ.አ. ጃቫ ደሴት ላይ ዲዲቲ ተረጭቶባት አልሞት ማለቷ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መድኃኒት ለምዳለች። ነገሩ ቀላል ነው። ከርጭቱ የተረፈችው ትወልዳለች፣ ልጆቿም የእሷን ጥንካሬ ይዘው ይፈለፈላሉ። በየሳምንቱ በረጨን ቁጥር ፈተና እየሰጠናት ነው፤ ሰነፎቹ ይወድቃሉ፣ ጎበዞቹ ያልፋሉ። ሀሮማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ስለሆነ ይሆናል፣ በየማሳው አንዳንድ ትምህርት ቤት ከፍተናል። ፈተናውን ማለፍ የሚከብዳቸው ጥንዚዛዋ፣ ሸረሪቷና ትል የሚገድሉት ትንንሽ ተርቦች ናቸው። በነጻ የሚሠሩ ዘበኞች ነበሩ። በነጻ የሚሠራን ሰው ደግሞ ማን ያከብራል?

ጎመን እንኳ ይቀቀላል። ጫት ግን ጥሬውን ነው። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ጫት መርምረው የዲዲቲ ቅሪት አግኝተውበታል። ያ በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም ስምምነት እንደ ወባ ትንኝ ላሉ በሽታ አስተላላፊዎች ካልሆነ ለሰብል አይውልም የተባለው ዲዲቲ ማለት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ የቃሚው ጥንቃቄ ነው። ከምሳ በኋላ ምንጣፉ ላይ ጋደም ይላል። ከአወዳይ የመጣችውን እሸት ያነሳል። በትል የተነካች ካለች «ይቺ በሽተኛ ናት» ብሎ ከገራባው ጋር ይጥላታል። ጤነኛዋን በሁለት ጣቱ ጠረግ አድርጎ ጉንጩ ውስጥ ይከታል። ጠረግ! የላቦራቶሪ ሥራ በሁለት ጣት አለቀ። «አቦ ዛሬስ ጫቱ ኃይለኛ ነው» ይላል አንዱ። ኃይሉ የጫቱ ይሁን የክዳኑ ማን ለይቶ ያውቃል? ምርቃና ምርቃና ነው።

ይህን ሁሉ ሥልጣኔ የሚያሰድብብን አንድ ዛፍ ግን በከተማችን አለ። ኒም። ድሬ ውስጥ ኒም የማያውቅ የለም። ባጃጁ የሚቆመው ሥሩ ነው፣ ሻይዋ የምትፈላው ሥሩ ነው። ሃይላንዱን ደርድሮ የሚሸጠው ልጅም በርጩማውን ያስቀመጠው እሱው ሥር ነው። ጥላው ጥሩ ነው ይላል። ፍሬው ሲረግፍበት ግን ይናደዳል፤ መጥረጊያ ያነሳና ወደ ቦዩ ይጠርገዋል።

ልክ ነው ልጁ። የኒም ፍሬ ውስጥ አዛዲራክቲን የሚባል ሰነፍ ነገር አለ። ትሉን ወዲያው መግደል እንኳ አይችልም። የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋበታል፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያደርገዋል። ትሉ ኩምትር ብሎ ጥቂት ቀን ይቆይና ይሞታል። ጥቂት ቀን! እኛ የለመድነው ረጭተን ዞር ሳንል ጠብ ጠብ ሲሉ ማየት ነው። አሠራሩ ደግሞ የባሰ ነው። የረገፈውን ቢጫ ፍሬ ለቅመህ ሥጋውን ታጥባለህ። ዘሩን ጥላ ላይ አድርቀህ በሙቀጫ ትወቅጣለህ። 50 ግራሙን በአንድ ሊትር ውሃ ታሳድረዋለህ፣ በጨርቅ ታጠልለዋለህ፣ ጥቂት ሳሙና ጠብ ታደርግበታለህ። ፀሐይ ስለሚያበላሸው ወደ ማታ ነው የሚረጨው። ዝናብ ካጠበው ትደግማለህ። ለሁሉም ተባይ አይሠራም፣ ይህን መደበቅ የለብኝም። ከሁሉ የሚብሰው ጥፋቱ ግን ነጻ መሆኑ ነው። ያልከፈሉበት መድኃኒት እንዴት ያድናል?

በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች በቆሎ ላይ የወረደ ጊዜም እንዲህ ያሉ ኋላ ቀሮች ነበሩ። ትሉን በእጃቸው እየለቀሙ ጨፈለቁ፣ በቆሎው እምብርት ላይ አመድና አፈር ነሰነሱ። አያቶቻችንም እህሉን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያስቀምጡ ነበር፤ ጤፉ ክፍተቱን ሲሞላው ነቀዙ መላወሻ ያጣል። አሁን እንክብል አለ፣ ማን ጤፍ ያበጥራል? እንክብሉ የሚተነው የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ቢሆንም ያው ቤታችን ነው።

የባለቤቴ አጎት ኮምቦልቻ ይኖራሉ። የወሎዋን አላልኩም፣ የሐረርጌዋን ነው። ድንች፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ያመርታሉ። ባለፈው ዓመት ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለው ማሳ ሰልፍ የወጣ ወታደር ይመስላል። ጎመኑ እኩል፣ ጥርት ያለ፣ አንዲት ነቁጥ የለበትም። ኮራሁ። ጓሮ ስዘልቅ ግን ሌላ መደብ አለ። ጎመኑ ወንፊት ሆኗል። በመካከሉ ነጭ ሽንኩርት ተተክሏል፣ አመድ ተነስንሷል፣ ጥንዚዛ እንደ ልቧ ትሄድበታለች። ዳር ላይ ባልዲ ውስጥ የኒም ዘር ተዘፍዝፏል። ከእኛው ከድሬ በማዳበሪያ ተጭኖ የመጣ፣ ልጁ የሚጠርገው ዓይነት።

«ይሄስ ምንድነው ጋሼ?»

«ይሄ የቤት ነው።»

«የፊት ለፊቱስ?»

«እሱማ የእናንተ ነው።»

ለከተማ ሰው ያላቸው ክብር ልቤን ነካው።

ስንሰናበት ከጓሮው አምስት ጥቅል ቆርጠው ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱልን። እኔ ቅር አለኝ። እንግዳ በቀዳዳ ጎመን ይሸኛል? ጎረቤትስ ቢያየን? «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት ከዚያኛው ቢሆንልን» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ባለቤታቸውን አዩ። ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ ቡናቸውን መቁላት ቀጠሉ። ከዚያ ወደ ፊቱ ማሳ ገብተው ሁለት የሚያብለጨልጩ ቆረጡና ባጃጁ ውስጥ አስቀመጡልኝ።

ልሰናበታቸው እጄን ዘረጋሁ። «ቆይማ» ብለው ወደ በርሜሉ ሄዱ። በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ፣ እስከ ክርናቸው ታጥበው ተመለሱና ጨበጡኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እንግዳ በቆሸሸ እጅ አይጨብጡም።